ቤት ከመሸጥዎ በፊት ይታመሙ

ቤትዎን ሊሸጡ አስበው ከሆነ አንድ ምክር አለኝ፤ አስቀድመው ይታመሙ። ቀልድ አይምሰልዎት። ጤናው ተሟልቶ፣ ሥራውንም ሳያጓድል፣ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ቤት ሸጦ የጨረሰ ሰው እኔ አላየሁም። የሸጡትን አውቃለሁ፤ ወይ ጡረታ የወጡ ናቸው፣ ወይ ሥራ ፈት የእህት ልጅ ያላቸው፣ ወይ ደግሞ ሐኪም ዕረፍት የጻፈላቸው። ጡረታው ገና ከሆነ፣ የእህት ልጅዎም ሥራ ከያዘ፣ የቀረዎት ሦስተኛው መንገድ ነው።

የዓመት ፈቃዴን እጠቀማለሁ ብለው ራስዎን አያታልሉ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርልዎታል። 16 ቀን ፋይልዎ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ለማወቅም አይበቃም። ለታመመ ሰው ግን አዋጁ እጁ ሰፊ ነው፤ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር ይፈቅዳል። የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። ልብ ብሎ ላየው ይህ የቤት ሽያጭ መርሐ ግብር ነው። አንዱ ወር ለወረቀት፣ ሁለቱ ለደላላና ለገዥ። ስለ ቀሪዎቹ ሦስት ወራት ሲደርሱ እንነጋገርበታለን፤ አሁን ከነገርኩዎት ሐሳብዎን ይቀይራሉ።

ለመታመም መዋሸት አያስፈልግም፤ ነውርም ነው። ሰፈሩ ራሱ ያግዝዎታል። ፈረንሳይ ይሁኑ ጉራራ፣ ኮተቤ ይሁኑ ካራ፣ ከጀርባዎ የቆመው እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ተራራ ነው፤ ሌሊት የሚለቀውን ቅዝቃዜ ጋቢ ደርበውም አይችሉትም። በማስረጃ ነው የምናገረው። ምኒልክ በ1882 ዘውድ የደፉት እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው፤ ቢሆንም ብርዱና የማገዶው እጦት መኳንንቱን ሁሉ አስመርሮ ወደ ፍልውሃ አወረዳቸው። እቴጌ ጣይቱ ከታች ቤት ማሠራት የጀመሩት እንዲያውም ቀደም ብለው፣ በ1879 ነበር። አዲስ አበባ እንግዲህ ላይኛው ቤቷ የበረዳት እመቤት የቆረቆረቻት ከተማ ናት። እነሱ ግን ሲለቁ ክሊራንስ አልተጠየቁም፤ ድንኳን ነቅሎ መውረድ ነው።

የእንጦጦ ብርድ ካልበገረዎት ከንጋቱ 12 ሰዓት መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሳምንት ይቁሙ። ወሩ ሐምሌ ከሆነ ሁለት ቀን ይበቃል።

ከዚያ ክሊኒክ ነው። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማት ብለው ይናገራሉ፤ ደም ይሰጣሉ፤ አግዳሚው ወንበር ላይ ከሚያስሉት መካከል ይቀመጣሉ። ባለሙያዋ ትንሿን ወረቀት ይዛ ብቅ ትላለች።

«ታይፎይድ አለብዎት።» ወረቀቷን ገልበጥ አድርጋ ታያለች። «ታይፈስም አለ።»

አይደንግጡ። እነዚህ ሁለቱ አዲስ አበባ ውስጥ እንደ መንታ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው ከቤት አይወጣም። የታይፎይዱ ምርመራ ዊዳል ይባላል፤ ፈርናንድ ዊዳል የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ያወጣው ነው። የታይፈሱ ደግሞ ዋይል ፊሊክስ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የመጣ። ሁለቱም ተሕዋሲውን ራሱን አያዩትም። የሚያዩት ሰውነትዎ እሱን ለመመከት ያዘጋጀውን ነገር ነው፤ ያ ደግሞ ካለፈ ሕመም ወይም ከክትባት ተርፎ ደምዎ ውስጥ ሊቆይ፣ ከሌላ ተሕዋሲም ጋር ሊምታታ ይችላል። በሽታው በበዛበት አገር የኖረ ሰው ደሙ ሲጠየቅ «አዎ» ማለት ይቀናዋል። ቁርጡን የሚናገረው የደም ካልቸር ነው፤ እሱ ግን ቀናት ይፈጃል፣ በየመንደሩ ክሊኒክም አይገኝም። ስለዚህ ጉንፋን የያዘውም፣ ብርድ የመታውም፣ አለቃው ያበሳጨውም ሲፕሮ ይዞ ይወጣል። (እዚህ ላይ ሳቄን አቆማለሁ። ያለ ምክንያት በተዋጠ ቁጥር መድኃኒቱ ለእውነተኛው ታማሚ እየሰነፈ ነው የሚሄደው። ዶክተሩን «ካልቸር አይሻልም ወይ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።)

እርስዎ ግን ከመድኃኒቱ ይልቅ ወረቀቱን ነው የሚፈልጉት። ማኅተሙ ደምቆ መመታቱን ይዩ፤ የደበዘዘ ማኅተም ያለበት ሕመም መሥሪያ ቤት አይቀበልም።

ቤት ሲደርሱ ጎረቤት ዳማ ከሴ እያሸ ይገባል፤ አንዷ ፌጦ በሎሚ በጥብጣ ታመጣለች፤ ሌላዋ «ለሰባት ቀን ኪዳነ ምሕረት ጸበል ውጣ» ትላለች። ሁሉንም «እሺ» ይበሉ። ከእነዚህ ሰዎች መካከል አንዱ የደላላ ዘመድ ነው፤ ቤቱ እንደሚሸጥ አገር የሚያውቀው በዚያው ቀን ነው።

አለቃዎ ጋ በቀሩ ማግሥት ይደውሉ፤ ሕጉም እንዲያሳውቁ ያዝዛል። አለቃ ሁሉ የሚመልሰው አንድ ነው፦ «ውይ! እግዜር ይማርህ። በቃ ተኛ፣ ምንም አታስብ። ያቺን የሩብ ዓመት ሪፖርት ብቻ ከሰዓት በፊት ላክልኝና ተኛ።» ይላኩለት። በማግሥቱ ወረዳው በር ላይ ሲሰለፉ የቢሮ ባልደረባዎን ፊት ለፊት ቢያገኙት ፊትዎን አይሸፍኑ፤ እሱም ታሞ ነው የመጣው።

አሁን ወረቀት ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ፊት እንዲደረግ ያዝዛል፤ ሕዝቡ «ውልና ማስረጃ» የሚለው ቦታ ማለት ነው። እዚያ ለመድረስ ካርታ፣ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ደረሰኝ፣ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆንዎን የሚገልጽ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ካርታው ላይ «ኃ/ማርያም»፣ መታወቂያዎ ላይ «ኃይለማርያም» ከሆነ ሁለት ሰው ነዎት፤ አንድ ሰው ለመሆን ሌላ ደብዳቤ ይጠየቃሉ። ቤትዎ ወደ አያት ወይም ወደ ሲኤምሲ በኩል ከሆነ ደግሞ ክፍለ ከተማዎ ማን እንደሆነ ያረጋግጡ። በ2013 ለሚ ኩራ ከየካና ከቦሌ ተቆርሶ አሥራ አንደኛ ክፍለ ከተማ ሲሆን ቤቱ ባለበት ቆሞ ፋይሉ ተሰዷል።

ባለትዳር ከሆኑ በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የጋራ ቤት ያለ ሁለታችሁ ስምምነት አይሸጥም፤ ባልና ሚስት አብራችሁ ትፈርማላችሁ። ቀላል ነው። ከባዱ ብቻዎን መሆን ነው። እኔ ወረፋ ላይ ሆኜ ከፊቴ የነበሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው መስኮቱ ላይ ተደግፈዋል።

«እትዬ፣ ያላገባ ማስረጃ ይጎድልዎታል።»

«ልጄ፣ ባለቤቴ ሞቷል። ወረቀቱ ይኸው።»

«ይኼ የሞት ነው። እሳቸው መሞታቸውን ነው የሚያሳየው። እርስዎ ከዚያ ወዲህ ማግባትዎን፣ አለማግባትዎን አያሳይም።»

«በዚህ ዕድሜዬ ማን ያገባኛል?»

«እሱን ነው ወረዳው የሚጽፍልዎት።»

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ፤ እናትየውም ሳቁ። መስኮቱ ውስጥ ያለው ልጅ ብቻ አልሳቀም፤ ሕጉ የሚፈራው ደብቆ የሚሸጥ ባልን ነው፣ እሱም ያንን ፍርሃት ነበር እየጠበቀ ያለው። ሴትየዋ ወረዳ ሄዱ። እርስዎ ከእሳቸው ይማሩና ያላገባውን ቀድመው ያውጡ፤ ግን በጣም አይቅደሙ፣ ጊዜ ያልፍበታል።

አንድ እህት ወይም ወንድም ሜሪላንድ ካለና ቤቱ የውርስ ከሆነ፣ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ፣ ከእሱ ዘንድ ደግሞ ኤምባሲ ያረጋገጠው ውክልና ይመጣል፤ ውክልናው ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርንም ማለፍ አለበት። ለዚህ ታይፎይድ ብቻውን አይበቃዎትም፤ ታይፈሱ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ወር ላይ ደመወዝዎ ሲጋመስ ደላላው ይመጣል። «ጋሼ፣ ሰው ይዤ መገናኛ ደርሻለሁ» ሲልዎት ገና ፊቱን እየታጠበ ነው፤ ምሳዎን ይብሉ። ገዥው የሚመጣበትን ቀን ግን እርስዎ ይምረጡ፤ ውኃ በፈረቃ የምትመጣበት ቀን ይሁን። ገዥ ሁሉ መጀመሪያ የሚነካው ቧንቧ ነው። ቧንቧው ባዶ ንፋስ ከተነፈሰ ሳሎኑን ሳያይ ይወጣል።

ሳልዎን በተመለከተ፦ ገዥ ፊት አይሳሉ። ደላላው «አየሩ ብቻውን መድኃኒት ነው፤ ባሕር ዛፉን ያሽትቱት፣ እንጦጦ ፓርክ እኮ ጎረቤት ነው» እያለ ባለበት ሰዓት ባለቤቱ ጋቢ ተከናንቦ ሳንባው እስኪወጣ ቢያስል ዋጋው ይወርዳል። ፓርኩ በ2013 ከተከፈተ ወዲህ ከተራራው ሥር ያለ ቤት ሁሉ «ቪው» አለው። ያንኑ ዳገት እንጨት ተሸክመው ለሚወርዱት ሴቶች ግን ቪውም አልተባለ፣ ካሬም አልተለካ።

ካሬ ካልን አይቀር፣ ገዥው ግድግዳውን አንኳኩቶ፣ ጣሪያውን አንጋጦ አይቶ ሲያበቃ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ካሬው ስንት ነው?» የከተማ ቦታ በ1967 በአዋጅ የመንግሥት ሆኗል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ጽፏል። እርስዎ ታዲያ የሚሸጡት ቤቱን ብቻ ነው። ገዥው የሚገዛው ቤቱን ብቻ ነው። ቤቱ የጭቃ ነው፣ ጣሪያው ዝናብ ያስገባል፣ ገዥውም በማግሥቱ ሊያፈርሰው አስቧል፤ ዋጋው ግን ሚሊዮን ነው። ሦስታችሁም፣ ደላላውን ጨምሮ፣ በዚህ ላይ ፊታችሁን ሳታፈኩ መነጋገር መቻል አለባችሁ። ካልቻሉ ያስሉ።

ቀጥሎ «ኮሪደር ይነካዋል ወይ?» ይልዎታል። የኮሪደር ልማቱ ከመጣበት ከ2016 ወዲህ ያለዚህ ጥያቄ የተሸጠ ቤት የለም። «አይነካውም» ብለው አይማሉ፤ «ይነካዋል»ም አይበሉ። «እኛስ ምን እናውቃለን፣ ልጄ» ይበሉና ቡና ያስፈሉ። ዋጋ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ እንዲመነዘር መለቀቁን ያነሳል፤ ሻጭ ሲያነሳው ዋጋ ለመጨመር ነው፣ ገዥ ሲያነሳው ገንዘብ የለኝም ማለቱ ነው።

ቀብድ ሲቀበሉ ረጋ ይበሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ከለወጠ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለ ከለወጠ እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ በቀብዱ ገንዘብ ለልጅዎ ሠርግ ድንኳን ከመከራየትዎ በፊት፣ ሌላ ገዥ አምስት መቶ ሺህ ጨምሮ ቢመጣ ልብዎ እንዴት እንደሚሆን ይፈትሹ። ውሉ ላይ ስለሚጻፈው ዋጋና በእጅ ስለሚቆጠረው ዋጋ ደግሞ... ይቅርታ፣ ብርድ ብርድ አለኝ።

ቀሪዎቹን ሦስት ወራት ልንገርዎት ብዬ ነበር። ያለ ደመወዝ የሆኑት እነዚያ ናቸው፤ የስም ዝውውርም የሚያልቀው በእነሱ ውስጥ ነው። ገዥው ሁለት በመቶ የቴምብር ቀረጥ ይከፍላል፤ ክፍያውን ሊቀበል የተዘጋጀ ሰው መስኮቱ ጋ አለ፤ ገንዘቡም አለ፤ «ሲስተም» ብቻ የለም። ሲስተም ሲመጣ ኃላፊው ስብሰባ ገብተዋል። ኃላፊው ሲወጡ መብራት ሄዷል። እርስዎ እያገገሙ ነው፤ ይህ አደገኛ ነው። የተሻለው ሰው ወደ ሥራ ይጠራል።

ከተፈራረማችሁ በኋላ ሌላ ቤት ልግዛ ካሉ ስድስት ወሩ አልቋል፤ አዋጁ የሚቆጥረው ከመጀመሪያው የሕመም ቀን 12 ወር ነውና ዓመቱ እስኪዞር ድረስ ጤነኛ መሆን ግድ ነው። እስከዚያ ይከራዩ። ለዚህ 16ቱ ቀን ይበቃል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ እንዳይጠይቅ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ይህን ለአከራዩ ከመጥቀስዎ በፊት ግን ቁልፉን ይቀበሉ።