ለሳሎኑ ሐይቅ ባለቤት የቀረበ ውዳሴ

ጌታዬ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ቡፌው ወደ ጓዳ ተሰዶ በሳሎንዎ ራስጌ አንድ ሜትር ተኩል የሚረዝም የመስታወት ገንዳ ሊቆም ነው አሉ። በብርጭቆ ሁለት ቀይ ዓሣ ያስቀመጠ ሁሉ ባለ አኳሪየም ነኝ በሚልበት ከተማ፣ እርስዎ የተመኙት ሣር የለበሰ፣ ደንና ሸለቆ ያለው ሐይቅ ነው። ምኞትዎ ልክ ነው፤ ልኩ ያልታወቀው ወለሉ ነው። ስፋቱም ከፍታውም 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ገንዳው 540 ሊትር፣ ማለትም 540 ኪሎ ውሃ ይይዛል። መስታወቱን፣ አፈሩን፣ ድንጋዩንና መቆሚያውን ሲደምሩት ከሰባት ኩንታል በላይ ይሆናል። የመኖሪያ ቤት ወለል ሲነደፍ በካሬ ሜትር ሁለት ኩንታል ያህል ጭነት ይታሰባል፤ የእርስዎ ሰባት ኩንታል የሚያርፈው አንድ ካሬ በማይሞላ ቦታ ላይ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆኑ አይጨነቁ። ጭንቀቱ የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤትዎ ድርሻ ነው።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። ከለገዳዲም ይምጣ ከገፈርሳ ወይም ከአቃቂ ጉድጓድ፣ እርስዎ ሰፈር የሚደርሰው በፈረቃ ነው። የፈረቃው ቀን ሲሆን ሰፈርተኛው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የቧንቧውን ፉጨት ሰምቶ ከአልጋው ይወርዳል፤ ባልዲው፣ ሳፋው፣ ሮቶው ሁሉ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። በዚህች ቅድስት ሌሊት የእርስዎ ገንዳ 27 ቢጫ ጀሪካን ይውጣል። አንዴ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት! ግን ተክሉ እንዲፋፋ ማዳበሪያ አለ። ማዳበሪያው ሲበዛ ደግሞ አልጌ ይመጣል። አልጌው እንዳይመጣ አሜሪካዊው ቶም ባር ያስፋፋው ዘዴ አለ፤ ሳምንቱን ሙሉ ማዳበሪያውን ሳይሰስቱ ይጨምሩና በሳምንቱ መጨረሻ የውሃውን ግማሽ ደፍተው በአዲስ ይተካሉ። በእርስዎ ገንዳ ሲሰላ 270 ሊትር፣ አሥራ ሦስት ጀሪካን ተኩል ነው፤ በየሳምንቱ። በዓለም አቀፉ የሰብዓዊ እርዳታ መለኪያ ለአንድ ተፈናቃይ በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ያስፈልገዋል ይባላል። ለዓሦችዎ ሲሉ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚደፉት ውሃ ለአንድ ሰው የአሥራ ስምንት ቀን ቀለብ ነው ማለት ነው። ስድብ አይደለም፣ ስሌት ነው።

ደግሞ ከቧንቧ የመጣውን እንዳለ አይጨምሩት፤ ክሎሪን አለበት። ወይ ሲያድር ይተዉት፣ ወይ ማርከሻ ያድርጉበት። ክሎሪን ለሰፈር ልጅ እንጂ ለዓሣ አይሆንም። ጀሪካኑን ደረጃ ለደረጃ ማን እንደሚሸከመው አልጠየቅሁዎትም። እርስዎ እንዳልሆኑ ግን አውቃለሁ፤ እርስዎ የሙቀት መለኪያውን ነው የሚያዩት።

የዚህ ጥበብ አባት ጃፓናዊው ታካሺ አማኖ ነው። የብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር፣ ፎቶ አንሺ ሆነ፣ በ1982 እ.ኤ.አ. ኩባንያ አቋቁሞ «የተፈጥሮ አኳሪየም» የሚባለውን ፈሊጥ ለዓለም አስተማረ። እውነት ለመናገር ሥራው ያምራል። ባረፈበት በ2015 እ.ኤ.አ. ለሊዝበን ሕዝብ የሠራውን 40 ሜትር የሚረዝምና 160 ሺህ ሊትር የሚይዝ የውሃ ውስጥ ደን ማንም ትኬት ቆርጦ ገብቶ ያየው ነበር። እርስዎ ከሰውዬው የወሰዱት ግን «ተፈጥሮ» የምትለዋን ቃል ነው፤ እሷም በኪሎና በከረጢት ትሸጣለች። አፈሩ «አማዞኒያ» ይባላል፣ ሻጩ ጃፓን ነው። ምንጣፍ የሚሆነው ሣር ዘሩ ከኩባ ወይም ከአርጀንቲና፣ ክሪፕቶኮሪን ከስሪ ላንካ፣ አኑቢያስ ከምዕራብ አፍሪካ ይመጣል። ኒዮን ቴትራ የአማዞን ተወላጅ ነው ቢባልም ገበያ ላይ ያለው በአብዛኛው እርባታ ጣቢያ የተፈለፈለ ነው። በዓለም ላይ በየትኛውም ወንዝ ተገናኝተው የማያውቁ ፍጥረታትን በጉምሩክ በኩል ጠርተን «ተፈጥሮ» አልናቸው። ድንጋዩንስ? አገራችን ምን ቢቸግራት በድንጋይ ታምታ አታውቅም። እርስዎ ግን በኪሎ ተመዝኖ ከባሕር ማዶ የመጣውን መረጡ፤ የእኛ ድንጋይ የሳሎን ወግ አያውቅማ።

ከሁሉ የሚያስቀናኝ ጋዙ ነው። መሪዎች በየዓመቱ ጉባኤ ተቀምጠው እንቀንሰው የሚሉትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እርስዎ በሲሊንደር ገዝተው ቤትዎ ያስገባሉ። ድራፍት ቤት ቢራ የሚገፋበት ያው ጋዝ ነው፤ እዚያ ግን ቢያንስ ሰው ይጠጣበታል። በእርስዎ ቤት አረፋው በሰከንድ ስንት እንደሚወጣ ይቆጠራል። በገንዳው ጥግ የተንጠለጠለችው ትንሽ ብልቃጥ ጋዙ ሲያንስ ሰማያዊ፣ ሲስተካከል አረንጓዴ፣ ሲበዛ ቢጫ ትሆናለች። ቢጫ የሆነች ዕለት ዓሦቹ ወደ ላይ ተሰልፈው አፋቸውን ይከፍታሉ። ለእንግዳ «አይ፣ እየተጫወቱ ነው» ይበሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃዋ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ በሩብ ያህል ያንሳል። ጃፓናዊው የጻፈው መመሪያ ይህችን ሩብ አያውቃትም። ምስኪኖቹ ዓሦች ግን ያውቋታል፤ ዳገት ለመውጣት ሳይሆን ቆመው ለመኖር ያለከልካሉ።

መብራት ሲጠፋስ? ማጣሪያው ይቆማል። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ያሉት እዚያ ነው። ከወር እስከ ወር ተኩል ተለምነው የሰፈሩ ናቸው፤ ውሃ ካልተንቀሳቀሰላቸው ታፍነው ያልቃሉ። ማሞቂያውም ይቆማል፣ የኅዳር ሌሊት ደግሞ የአማዞን ልጅ አያውቅም። ስለዚህ ጄነሬተር፣ ካልሆነም ባትሪና ኢንቨርተር ያስፈልጋል። የደረጃው አምፖል ቢጠፋ ግድ የለም፤ ሰው ግድግዳ ዳብሶ ይወጣል።

አንድ ነገር እንዳይረሱ፦ ፏፏቴ። በውድድር ገንዳዎች የሚታይ ነው። ትንሽ ፓምፕ ነጭ አሸዋ ወደ ላይ ይገፋል፣ አሸዋው በድንጋዩ መሃል ይወርዳል፣ የሚያይ ሰው ውሃ ውስጥ ፏፏቴ አየሁ ይላል። ጢስ አባይን ለማየት መንገድ የገባ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ጭሱ የቀነሰ ገደል ነው። ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙው ውሃ ወደ ኃይል ማመንጫ እየዞረ ነዋ። ከእውነተኛው ፏፏቴ በተወሰደ መብራት የአሸዋ ፏፏቴ የሚያሽከረክር ሰው ለቱሪዝም ያደረገውን አስተዋጽኦ ታሪክ ይመዝነው።

ገንዳው ሲያምር እንግዳ ይጥሩ፤ በተለይ ከባሕር ዳር የሚመጡትን አጎትዎን። ብርሃኑ ይበራል፣ ኒዮኖቹ መንጋ ሠርተው ያልፋሉ። አጎትዎ ጎንበስ ብለው ሲያዩ ይቆዩና፣ በአምባዛና በቆሮሶ ባደገ ዓይን ለክተው፣ «ልጄ፣ ይኸ ይበላል?» ይላሉ። ሦስት ሳንቲ ሜትር መሆኑን፣ ለውበት እንጂ ለመጥበሻ አለመሆኑን ያስረዱ። ከዚያ የልብዎን ጭንቀት ያጫውቷቸው፤ ሣሩ እየገረጣ ነው፣ አልበቅል አለ፣ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ጨመሩለት፣ ፖታሲየምም ብረትም ጨመሩለት። አጎትዎ ዝም ብለው ይሰማሉ። እሳቸው ጣና ላይ እምቦጭ ከታየበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ማንም ሳይለምነው የሚበቅል የውሃ ተክል ሲነቅሉ ወገባቸው የጎበጠ ሰው ናቸው። ከእርሻው ታጥቦ ወደ ሐይቁ የሚወርደው ማዳበሪያ ለእምቦጩ ሲሳይ ነው። አንዱ ዘመድ እንዲበቅል ይከፍላል፣ ሌላው እንዳይበቅል በሚያዝያ ፀሐይ ውሃ ውስጥ ይቆማል፤ ቤተሰብ ማለት መረዳዳት ነው።

ከዚያ የመመርመሪያ ጠርሙሶችዎን ያውጡ። አምስት ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ጥቂት ጠብታ፣ ቀለሙን ከካርዱ ጋር ማስተያየት። አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት እንደሚፈለገው። አጎትዎ በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። መስኮቱን ግን አይክፈቱት፤ ከአጥርዎ ጀርባ የቀበና ወንዝ ነው። ከግቢዎ የሚወጣው ቧንቧ ወዴት እንደሚሄድ አጎትዎ ቢጠይቁ፣ ያ ሌላ ክፍል ነው ይበሉ። ወንዙ መስታወት የለውም፣ መብራት የለውም፣ ፎቶም አይወጣለትም፤ የእርስዎ የውሃ ፍቅር ደግሞ ሲሊኮን የተቀባ ጠርዝ ይፈልጋል። ጠብታውን እዚያ ቢያንጠባጥቡ የሚወጣውን ቀለም ካርዱ ላይ ያገኙት ይሆን? እኔ እጠራጠራለሁ። ወንዙም ቸኩሏል፤ የራሱን፣ የግንፍሌንና የባንትይቀጡን ስጦታ ይዞ ወደ አቃቂ ይወርዳል። እዚያ የሚጠብቀው ጎመንና ሰላጣ የተተከለበት ማሳ አለ። ይህኛው ገንዳ ሲሊንደር፣ ማሞቂያና ማጣሪያ አያስፈልገውም። ማዳበሪያው ከእርስዎና ከጎረቤቶችዎ ሽንት ቤት ሳይሰሰት ይመጣለታል፤ ተክሉም ሳይገርጣ ይበቅላል። ጠዋት ታጭዶ፣ በጭነት መኪና ተመልሶ ከተማ ይገባል።

አጎትዎ ከመንገድ ነው የመጡት፣ ርቧቸዋል። ዓሣው እንደማይበላ ነግረዋቸዋል። ምሳው ይቅረብ፤ ሰላጣውን ወደ እሳቸው ጠጋ ያድርጉላቸው።