አናት የሌለው ቴሌቪዥን

አዲሱን ቴሌቪዥን ከካርቶኑ ያወጣን ዕለት እናቴ ሁለት ጊዜ ዞረችው። ፊቱን አየች፤ ጀርባውን አየች፤ ጎኑን በሁለት ጣቶቿ መሀል ይዛ ውፍረቱን ለካች። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር አለችና፣

«አናቱ የታለ?» አለችኝ።

ቀልዷን አልነበረም። በእጇ ታጥቦ የተተኮሰ ነጭ ዳንቴል ይዛለች።

እኛ ቤት ቴሌቪዥን ልብስ የሚለብስ ዕቃ ነው። የድሮው ባለ 21 ኢንች ከገባ ጀምሮ አናቱ ባዶ ሆኖ አያውቅም። መጀመሪያ ዳንቴሉ፣ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከአበባው ጎን የእህቴ የምረቃ ፎቶ፣ ከፎቶው ኋላ የመብራትና የውሃ ደረሰኝ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ድመቷ ትጨመርበታለች፤ ጀርባው ይሞቃላ። ከእሱ በፊት የነበረው ጥቁርና ነጭማ የራሱ ቤት ነበረው፦ ባለ ሁለት መዝጊያ የእንጨት ሣጥን፣ ቁልፉ አባቴ ኪስ። አገራችን ቴሌቪዥን ያየችው በ1957 ዓ.ም ነው፤ ቀለም ያየችው ደግሞ ሃያ ዓመት ገደማ ቆይታ፣ በአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሰሞን። እኛ ቤት ቀለም የገባው ግን ከዚያም ብዙ ዘግይቶ ነው። አባቴ «ዜና በቀለም ቢያዩት ያው ዜና ነው» የሚል ሰው ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚያሳፍር መልስ አላገኘሁለትም።

ባለ 21ዱ ደግ ነበር። ሲታመም እንኳ በጨዋ ደንብ ነው የታመመው። አንድ ማታ ሥዕሉ ከላይና ከታች ተጨመቀ፣ ተጨመቀ፣ በመጨረሻ መሀል ለመሀል የተሰመረ አንድ ነጭ መስመር ብቻ ቀረ። ድምፁ ግን ምንም አልሆነም። ሁለት ሳምንት ሙሉ መስመር እያየን ዜና ሰማን። ሠፈራችን ያለው ጠጋኝ ከፍቶት፣ አሽትቶት፣ መልሶ ዘጋውና «ጋሼ፣ የዚህ ዕቃ መለዋወጫ ያለው ሌላ የሞተ ቴሌቪዥን ሆድ ውስጥ ነው» አለኝ። ይኸው መርዶ ሆነ።

የቤተሰብ ጉባኤ ተቀመጠ። ልጄ ባለ 65 ካልሆነ አለ። ባለቤቴ 32 ይበቃናል አለች። ከሶፋችን እስከ ግድግዳው ሁለት ሜትር ተኩል ነው፤ 65 ቢገባ ተጫዋቾቹ ጭናችን ላይ ነው የሚሮጡት። 43 ብዬ አስታረቅኩ። «ስማርት ነው ኖርማል?» የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ባለቤቴ ወደ እኔ ሳታይ «ቤቱ ውስጥ ያለው ስማርት ይበቃናል» ብላ ዘጋችው። ስለ ማን እንደተናገረች እስካሁን አላጣራሁም።

እኔ ደግሞ ጠንቃቃ ነኝ። ሜትር አወጣሁና የቡፌውን የቴሌቪዥን ቦታ ለካሁ። ያ ቡፌ ከሠርጋችን ዕለት ጀምሮ አብሮን የኖረ፣ በአናጢ ተለክቶ የተሠራ፣ መሀሉ ላይ ለቴሌቪዥንና ለዴክ የሚሆን ክፍት ቦታ ያለው ግዙፍ ነገር ነው። የክፍቱ ወርድ ልክ አንድ ሜትር። አንድ ኢንች ሁለት ነጥብ አምስት አራት ሳንቲ ሜትር ነው፤ በ43 ሳበዛው 109 መጣ። አይገባም! 32 ለመግዛት ወስኜ፣ ለባለቤቴ ግን «አንቺን ላስደስትሽ ብዬ ነው» ልላት አስቤ መርካቶ ወረድኩ።

ሱቁ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ቴሌቪዥኖች ተደርድረው ሁሉም አንድ በቀቀን ያሳያሉ። በቀቀኑ ክንፉን ይዘረጋል፣ ሎሚ ይቆረጣል፣ የውሃ ጠብታ ቅጠል ላይ ይወርዳል፣ ከዚያ በቀቀኑ ይመለሳል። ቴሌቪዥን ሻጭ ሁሉ ይህን ወፍ የሚያሳየው ወዶ አይደለም፤ እኛ ቤት የሚታየውን ቢያሳይ ማን ይገዛዋል? ስሙ ከታወቀው ስም በአንድ ፊደል ብቻ የሚለይ ቴሌቪዥንም አየሁ። ሻጩ ልጅ ዓይኔን ተከትሎ «ፋዘር፣ እሱን ተወው፣ አንተ እንደሱ አይደለህም» አለኝ። ምን ዓይነት እንደሆንኩ በአንድ እይታ ማወቁ ደስ አሰኘኝ።

«32 ነበር የፈለግኩት፤ 43 ቡፌዬ ውስጥ አይገባም» አልኩት፤ 109 ሳንቲ ሜትሩንም ነገርኩት።

ልጁ አልሳቀብኝም፤ ነጋዴ ነው። ሜትሩን አወጣና ከላይኛው ግራ ጥግ ወደ ታችኛው ቀኝ ጥግ በሰያፍ ዘረጋው። «ኢንቹ ይሄ ነው ፋዘር፤ ከጥግ ጥግ። ወርዱ 95 ነው።» 95! ከአንድ ሜትር ውስጥ 95! አምስት ሳንቲ ሜትር ትርፍ ይዤ እንዴት 32 እገዛለሁ? በ42 ሺህ ጀመረ፤ ሁለቴ ወጥቼ ሁለቴ ተጠራሁ፤ በ38 ሺህ 500 ተስማማን፤ የግድግዳ ስታንድ መረቀልኝ። «ቡፌ አለኝ፣ አያስፈልገኝም» አልኩት። «ያዘው፣ አይጠላም» አለኝ። ይህ ልጅ የቤቴን ነገር ከእኔ ይበልጥ ያውቅ ነበር።

«ተኝቶ እንዳይሄድ፣ ስክሪኑ ይሰነጠቃል፤ አቁመህ ያዘው» ብሎ ሸኘኝ። ሚኒባሱ ላይ ግን ወያላው ካርቶኑን በጀርባው ሊያስተኛው ነው የፈለገው። ተከራከርን፤ የሁለት ሰው ልከፍል፣ እሱም እንዲቆም ሊተወው ታረቅን። እንደ ታመመ ዘመድ አቅፌው ተቀመጥኩ። ካርቶኑ ላይ ቴሌቪዥን መሆኑ በትልቁ ስለተሣለ ምሥጢር የለም።

«ስንት ኢንች ነው?» አሉ ከኋላዬ የተቀመጡ እናት።

«43፣ እናቴ።»

«ስንት ገዛኸው?»

ነገርኳቸው። ከፊት ያለው ሰውዬ ዞር ብሎ አየኝና ከንፈሩን መጠጠ። ሜክሲኮ ሳንደርስ ሦስት ዓይነት ዋጋ ሰማሁ፤ ሦስቱም ከእኔ ያነሱ። ሳር ቤት ላይ አንዱ የወንድሙ ሱቅ ውስጥ ከእኔ በአራት ሺህ ያነሰ እንዳለ ነገረኝ። ስልክ ቁጥሩን ልስጥህ ሲለኝ ነው መልስ ያጣሁት፤ ለሁለተኛ ቴሌቪዥን የሚሆን ጉልበት ያለኝ መስዬው ይሆን? ጀሞ ስወርድ ካርቶኑ ሳይሰነጠቅ እኔ ተሰንጥቄ ነበር።

አሁን ወደ እናቴ ጥያቄ እንመለስ። «አናቱ የታለ?» አለች፤ የለውም አልኳት። ውፍረቱ ከመጽሐፍ አይበልጥም፤ እንኳን አበባ፣ ደረሰኝ አያስቀምጥ። ዳንቴሉን መልሳ አጠፈችና ምንም ሳትል ሄደች። ዝምታዋ መልካም ምልክት አልነበረም፤ እኔ ግን ልብ አላልኩትም፤ ቡፌው ላይ ነበርኩ። ወርዱ ገባ፤ ምቹ ነበር፤ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ጣት ተረፈ። ቁመቱ ግን አልገባም።

ቁመቱን አልለካሁትም ነበር።

የክፍቱ ከፍታ 50 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አናጢው የለካው በባለ 21ዱ ነዋ። አዲሱ ያለ እግሩ 53 ተኩል ይሆናል። ቁጭ ብዬ ሳሰላው አንድ ነገር ገረመኝ፦ የድሮው 21 ኢንች፣ ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፉን ሙሉ ተዘርግቶ፣ 53 ሳንቲ ሜትር ነው። እኛ ሰባት ሆነን መሬት ላይ ተቀምጠን የምናፈጥበት ስክሪን ባለ በሌለ አቅሙ ቢዘረጋ የዚህን ቁመት ነበር የሚያክለው። ባለቤቴ ሜትሩን እንደያዝኩ አይታኝ «አሁን ደግሞ ምን ለካህ?» አለች። ምን እላታለሁ።

ስታንዱ መጣ። ባለ ድሪሉ ልጅ ግድግዳውን በጣቱ ቆርቆር አድርጎ «ብሎኬት ነው» አለና ፊቱን አጠቆረ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ሆዱ ባዶ ነው፤ ድሪሉ ትንሽ ከታገለ በኋላ ድንገት ጥልቅ ይላል። የመጀመሪያው ፊሸር ገባና ወደ ውስጥ ጠፋ፤ ሲወርድ ኮሽታው ተሰማን። ሁለተኛውም ተከተለው። ሦስተኛው ላይ ከወዲያ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ግድግዳውን በጡጫ መቱት፤ «ደህና ዋሉ!» ብዬ ጮህኩ፣ «ምን ደህና ተዋለ!» የሚል መልስ መጣልኝ። ልጁ ድሪሉን አወረደና «ጋሼ፣ የሚይዘው ኮለኑ ብቻ ነው» አለ።

ኮለኑ ያለው ወጥ ቤቱ በር አጠገብ ነው። ቴሌቪዥኑ እዚያ ተሰቀለ፤ ተንቀሳቅሶም አያውቅም። የተንቀሳቀሰው ቤቱ ነው። ሶፋው ቴሌቪዥኑን ለማየት ዞረ፤ ለሶፋው መንገድ ለመልቀቅ ቡፌው ሄደ፤ ቡፌው መስኮቱን ስለጋረደ መጋረጃው ወረደ፤ ሳሎን ስትገቡ አሁን መጀመሪያ የሚቀበላችሁ የሶፋ ጀርባ ነው።

ዲሹ ቀረ። የእኛ ሳህን የናይልሳት ዘመን ሰው ናት፤ ወደ ምዕራብ እያየች ዝጋለች። ኢትዮሳት ያለው በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሳህኗ ፊቷን አዙራ፣ ቀና ብላ፣ እንደ አዲስ ልትማር ነው። የዲሽ ባለሙያው ጣሪያ ላይ፣ እኔ በረንዳ ላይ፣ ልጄ ቴሌቪዥኑ ፊት፣ እናቴ መሀል።

«መጣ?»

«መጣ? ይልሃል!»

«ሄደ!»

«ሄደ ይልሃል!»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንቴና ስናዞር የተለዋወጥነው ቃል ይኸው ነው፤ ሳተላይት መጣ ተብሎ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። አንድ ሰዓት ሞላን። መጣ።

የመጀመሪያው ማታ ባለቤቴ የሠርጋችንን ቪዲዮ ክፈቱ አለች፤ ከካሴት ወደ ፍላሽ አስገልብጣው ነበር። ከፈትን። ሙሽሪት ከመኪና ወረደች። ወረደች፣ ወረደች፣ ገና አልጨረሰችም። የድሮ ቀረጻ ለካሬ መሰል ስክሪን የተሠራ ነው፤ አዲሱ ያንን ጎትቶ ከጥግ እስከ ጥግ ሲሞላው ሰዉን ሁሉ ያሰፋዋል። ሚዜዎቹ እንደ ትግል ቡድን መጡ። ኬኩ ጠረጴዛ አከለ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና ቀጭን ሰው ነበር፣ ባለ ቦርጭ ነጋዴ መስሎ ገባ።

«እኔ እንዲህ ነበርኩ?» አለች ባለቤቴ ቀስ ብላ።

እዚህ ላይ አስተዋይ ባል የሪሞቱን የምስል ልኬት ቁልፍ ይፈልጋል። እኔ «ትንሽ እንኳ አልተለወጥሽም» አልኳት።

ልጄ ነው ያዳነኝ፤ ሪሞቱን ቀምቶኝ ምስሉን ወደ ድሮው ልክ መለሰው። ሙሽሪት ከሳች፤ ግራና ቀኝ ሁለት ጥቁር መጋረጃ መጣ። ባለቤቴ ቀጭኗን ራሷን እስከ መጨረሻው አየችና ተነሥታ ተኛች፤ ደህና እደር አላለችኝም።

በማግስቱ ከሥራ ስገባ ሪሞቱ አልሠራም። ስጫነው ዝም። ድንጋዩ አልቋል ብዬ የግድግዳ ሰዓቱን ድንጋይ አውጥቼ ጨመርኩ፤ ሰዓቱ ቆመ፣ ቴሌቪዥኑም አልሰማም። ልጄ ሪሞቱን ወደ ስልኩ ካሜራ አዞረና ተጫነ፤ በባዶ ዓይን የማይታየው የሪሞት ብርሃን በስልኩ ላይ ሐምራዊ ሆኖ ብልጭ አለ። «ሪሞቱ ደህና ነው አባ፤ የማይሰማው ቴሌቪዥኑ ነው።» በአንድ ቀኑ! 38 ሺህ 500! የሳር ቤቱ ሰውዬ ፊት መጣብኝ። ዋስትናውን ፍለጋ ካርቶኑን ገለበጥኩ።

ጎንበስ ስል ነው ያየሁት። ከቴሌቪዥኑ ሥር የቡና ጠረጴዛው ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ ያ ታጥቦ የተተኮሰው ዳንቴል ተዘርግቷል። ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲኩ አበባ፣ ከአበባው ጎን ደረሰኞቹ፣ መሀል ላይ፣ ከመጻሕፍት ቁልል ከፍ ተደርጋ፣ እህቴ በምረቃ ጋውኗ። የምረቃ ቆቧ ጫፍ የስክሪኑን ታችኛ ጠርዝ ልክ መሀሉ ላይ ነክቶታል። የሪሞቱን ብርሃን የሚቀበለው ትንሹ ጥቁር ዓይን ያለው እዚያው ነው።

«እማዬ፣ ፎቶዋን ትንሽ ወደ ጎን ላድርጋት?»

«ከነአባትህ ዘመን ጀምሮ መሀል ላይ ነች።»

«ሪሞቱ እኮ አልሠራም አለ።»

«ለእኔ ይሠራል» አለች።

እውነቷን ነው። ከሶፋው ሆነው ሲጫኑት ቆቡ ይጋርደዋል፤ በቆቡና በአበባው መሀል ቴሌቪዥኑን በጎን ከሚያይ አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚሰማው። ያ ቦታ የወጥ ቤቱ በር አጠገብ ያለው በርጩማዋ ነው። እዚያ ተቀምጣ፣ ሪሞቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ የቱርኩን ድራማ በአማርኛ እያየች ባቄላ ትፈለፍላለች።

ቅዳሜ ጨዋታ ነበር። ሰዓቱ ስለቆመ ስንት እንደሆነ በስልኬ አየሁ፤ አሥር ደቂቃ አልፎታል።

«እማዬ፣ ለአንድ አፍታ ብትቀይሪልኝ?»

ድራማው ውስጥ አንዲት ሴት እያለቀሰች ነበር። እናቴ ዓይኗን ሳትነቅል ሪሞቱን ዘረጋችልኝ።

«ና፣ እዚህ ተቀምጠህ ቀይር» አለችኝ።

ከበርጩማው ግን አልተነሣችም።