አሥር ኩሽኔታ ለላህ ወንዝ

የጎጃም ሰው ዕቃ ሲገዛ ከዋጋው በፊት ዕቃውን ይመረምራል። ማጭድ ከሆነ ስለቱን በአውራ ጣቱ ይዳብሳል፣ እንስራ ከሆነ አንኳኩቶ ድምፁን ያዳምጣል፣ በሬ ከሆነ አፉን ፈልቅቆ ጥርሱን ያያል። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ይበረክታል ወይስ አይበረክትም? ይህ ለዘመናት የተፈተነ ጥበብ ግን የዓሣ መንጠቆ ክር ማጠንጠኛ ፊት ሲቆም ባዶ እጁን ይቀራል። ማጠንጠኛው ስለት የለውም፤ ቢያንኳኩት አይናገርም፤ ጥርሱም ያለው ሆዱ ውስጥ ነው። በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ይህ ዕቃ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ወይም ከአዲስ አበባ በታዘዘ ካርቶን ስለሆነ ገዢው ያለው ማስረጃ ካርቶኑ ላይ የታተመው ጽሑፍ ብቻ ይሆናል። ካርቶኑ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ የኩሽኔታ ብዛት። “አሥር ኩሽኔታ አለው” ይላል። እኔ የምከራከረው ይህ ቁጥር ስለ ዕድሜ ምንም እንደማይነግረን ነው። የዕቃ ዕድሜ ከፋብሪካ አይወጣም፤ ዕቃው ከሚኖርበት አገር፣ በተለይም ሲበላሽ ከፍቶ ከሚያየው ሰው ይመጣል።

የዘር ሐረጉን ብንመለከት ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ቻይናዊው ሠዓሊ ማ ዩዋን እ.ኤ.አ. በ1195 እንደሣለው በሚነገርለት ሥዕል ላይ አንድ ሰው ከትንሽ ጀልባ ላይ ሆኖ ማጠንጠኛ በታሰረበት ዘንግ ሲያጠምድ ይታያል፤ በእኛ አቆጣጠር ንጉሥ ላሊበላ በነበሩበት ዘመን አካባቢ መሆኑ ነው። እንግሊዞች ስለ ማጠንጠኛ በመጽሐፍ መጻፍ የጀመሩት ከዚያ ብዙ ዘግይተው እ.ኤ.አ. በ1651 ነው። ዛሬ በየሱቁ የምናየውን፣ ክሩ ከቆመ ማጠንጠኛ ጫፍ ላይ እየተተረተረ የሚወጣበትን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1905 በስሙ ያስመዘገበው ኢሊንግዎርዝ የሚባል የእንግሊዝ የፈትል ፋብሪካ ባለቤት ነበር፤ ሐሳቡንም ያገኘው ከፋብሪካው ነው። የስዊድኑ አቡ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1921 ሲቋቋም የኪስ ሰዓት ይሠራ ነበር፤ ቀጥሎ የታክሲ ቆጣሪ ሠራ፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የታክሲውን ገበያ ሲዘጋበት ፊቱን ወደ ዓሣ አዞረ። የጃፓኑ ሺማኖም በዚያው በ1921 የተነሣው በብስክሌት ጥርስ ነው፤ ዓሣ ያስታወሰው በ1970 ነበር። እንግዲህ ማጠንጠኛ አባቱ ፈትል፣ አጎቱ ሰዓት፣ የአክስቱ ልጅ ብስክሌት ነው። እነዚህ ዘመዶቹ በምዕራብ ጎጃም ገበያ ውስጥ አስታማሚ አላቸው፤ ብስክሌት የሚፈታ ጎረምሳ አለ፣ ሰዓት በአጉሊ መነጽር የሚያይ ሽማግሌ አለ፣ የልብስ ስፌት መኪና በዘይት የሚያስነሣ ሰው አለ። አስታማሚ ያጣው ማጠንጠኛ ብቻ ነው፤ ያጣውም ታሽጎ ስለመጣ ነው።

ማጠንጠኛ የሚሞትባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። ገላው ከፕላስቲክ ከሆነ ከባድ ዓሣ ሲጎትት ይለመጣል፤ ገላው ሲለመጥ የውስጥ ጥርሶቹ እርስ በርስ መተያየት ያቆማሉ፤ መተያየት ያቆሙ ጥርሶች ደግሞ ይበላላሉ። ጥርሱ ከዚንክ ቅልቅል የተጣለ ከሆነ ቶሎ ያልቃል፤ ከነሐስ የተቆረጠ ከሆነ ይቆያል። ክሩን የሚመልሰው የሽቦ ቅስት የሚሠራው በአንዲት ቀጭን ሞላ ነው፤ ሞላዋ ስትሰበር ያ ሁሉ ብረት ከጌጥነት አያልፍም። ፍሬኑ፣ ማለትም ትልቅ ዓሣ ሲስብ ክሩን እያዘገመ የሚለቅቀው ክፍል፣ በተደራረቡ ቀለበቶች የሚሠራ ስለሆነ ከአጠመዱ በኋላ ካልተላላ ቀለበቶቹ ተጣብቀው ይቀራሉ። ኩሽኔታን በተመለከተ ደግሞ ሥራ የሚሠሩት ዋናውን ዘንግና ጥርስ የተሸከሙት ጥቂቶቹ ናቸው፤ ከቀሩት ውስጥ አንዳንዶቹ መያዣው እጀታ ላይ ተሰክተው ቁጥር ያሟላሉ። ርካሽ ኩሽኔታ በዛ ማለት የሚዝግ ቦታ በዛ ማለት ነው። በነሐስ ቡሽ የሚዞር ተራ ማጠንጠኛ ትንሽ ያጉረመርም ይሆናል፤ ግን ይዞራል።

ከዚህ ላይ የአገሩን ጠባይ መጨመር ያስፈልጋል። ከውድ ማጠንጠኛ ዋጋ ከፊሉ የሚሄደው ጨው ውሃ እንዳይገባ ለተደረገ ማሸጊያ ነው። እኛ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር የለንም፤ ባሕር ማጣት ያተረፈልን ቁጠባ ቢኖር ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ላህ፣ ብርና ፈጣም የተባሉት ወንዞቻችን ጨው አያውቁም። የእኛ ጠላት አቧራ ነው፦ በበጋ ከባጃጅ ጎማ ሥር ተነሥቶ ግራሶ ላይ የሚለጠፍ ቀይ አቧራ፤ በክረምት ደግሞ ያው አፈር ጭቃ ሆኖ ይመለሳል። ማጠንጠኛው ዓመቱን ሙሉ አይሠራም፤ የዓሣ ፈላጊ የሚበዛው በዐቢይ ጾም ነው፤ ያኔም ወንዙ ጎድሎ አሸዋው ፊት ለፊት ወጥቷል። ስለዚህ ለዚህ አገር የሚሆነው ማጠንጠኛ ውሃ የማያስገባው ሳይሆን አሸዋ ከገባበት በኋላ በአንድ ካቻቪቴ ተፈትቶ፣ ተጠርጎ፣ ተቀብቶ የሚገጠመው ነው። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል የተባለው ለዚህ ዕቃ የተባለ ይመስላል፤ ታሽጎ የማይፈታ ዕቃ ግን ጥሩ አያያዝ የሚያውቅ ሰው ቢያገኝም እንዲያዝ ፈቃደኛ አይደለም።

ማስረጃ ከሩቅ አያሻም። በአገራችን ከሁሉ የበረከተው መሣሪያ የበሬ እርሻ ዕቃ ነው፤ ሺህ ዓመታትን ተሻግሯል። ይህ ዕቃ ግን ጠንካራ አይደለም። ሞፈሩ ይሰበራል፣ ድግሩ ያልቃል፣ ምራኑ ይበጠሳል፣ ማረሻው በየጊዜው ይዶለዱማል። የዘለቀው ሁሉም ክፍል ለየብቻው ስለሚሞትና ለየብቻው ስለሚተካ ነው፤ እንጨቱን ገበሬው ራሱ ቆርጦ ይጠርባል፣ ጠፍሩን ከቆዳ ያወጣል፣ ማረሻውን ቀጥቃጩ አግሎ ይስለዋል። በካርቶን ቢታሸግና “አሥር ኩሽኔታ አለው” ቢባል ኖሮ ይህ እርሻ ገና በአክሱም ዘመን ቀርቶ ነበር። በውጭው ዓለምም ነገሩ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በፊላደልፊያ የተቋቋመው ፔን ኩባንያ በ1936 ያወጣው ሴናተር የሚባል ማጠንጠኛ ስሙን ያቆየው በውበቱ አይደለም፤ መልኩ የወፍጮ መለዋወጫ ነው የሚመስለው። ያቆየው ለብዙ አሥርት ዓመታት አሠራሩ ሳይለዋወጥ መለዋወጫው ሲሸጥ መኖሩ ነው። የልጅ ልጅ የአያቱን ማጠንጠኛ በዕቃ ቁጥር ክፍል ገዝቶ ያስነሣዋል።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ሰው ተነሥቶ “ታዲያ ማጠንጠኛ ለምን አስፈለገ? ባዶ ሃይላንድ አለ አይደል?” ይለኛል። ሙግቱ ቀላል አይደለም። ክር የተጠመጠመበት የውሃ ፕላስቲክ ኩሽኔታ የለውም፣ ሞላ የለውም፣ አይዝግም፤ ወንዝ ቢገባ ይንሳፈፋል፤ ቢጠፋ በሚቀጥለው ሠርግ ማግስት መቶ ሌላ ይለቀማል። በእኔ መለኪያ፣ ማለትም በመጠገን ቀላልነት፣ ሃይላንድ ከጃፓንና ከስዊድን በላይ መቀመጥ አለበት፤ በላህ ዳር ለትንንሽ ዓሣ የሚቀመጥ ልጅም ከእርሱ ሌላ እንዲገዛ አልመክርም። ይሁን እንጂ ሃይላንድ ፍሬን የለውም። ፍሬኑ የሰውየው መዳፍ ነው። ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ አሥር ኪሎ የሚያልፍ አምባዛ የነከሰበት ሰው፣ ናይለን ክር መዳፉን ሲቆርጠው፣ ከሁለቱ የትኛው ቶሎ እንደሚያልቅ ይገባዋል። ሩቅ መወርወርም ላስቲኩ አይችልም። ስለዚህ ማጠንጠኛ የሚገባው ለትልቅ ዓሣና ለሰፊ ውሃ ነው፤ ሲገዛም መመርመር ያለበት ከሃይላንድ የሚበልጥበት ያ አንድ ክፍል፣ ፍሬኑ ነው። ፍሬኑ ሳይንገጫገጭ እየለሰለሰ ከለቀቀ ሌላው ይደረስበታል።

ሁለተኛው ተሟጋች ገንዘብ ያለው ነው፤ “አንድ ጊዜ ውድ ገዝቶ መገላገል” ይላል። ውድ ዕቃ ብዙ ጊዜ የተሻለ መሆኑን አልክድም፤ ጥርሱ ነሐስ፣ ገላው አሉሚኒየም ይሆናል። ችግሩ ውድ ዕቃ በእኛ ቤት የሚያገኘው ክብር ነው። ውድ ማጠንጠኛ ወንዝ አይወርድም፤ ከድሪው ጋር ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ እንግዳ ሲመጣ ወጥቶ ይታያል፤ እንግዳውም መያዣውን ሁለቴ አዙሮ ድምፁን ያደንቃል። እንዲህ ያለው ዕቃ ሠላሳ ዓመት ቢቆይ ተገርመን መመስከር የለብንም፤ ድንጋይም ይቆያል። መበርከት ማለት እየሠሩ መቆየት ነው። ደግሞም እጅግ የረቀቀ ማጠንጠኛ ልዩ መፍቻ፣ ልዩ ዘይትና ልዩ ቀለበት ይፈልጋል፤ አንዲት ቀለበት ከውጭ እስክትመጣ ሁለት የዐቢይ ጾም ወቅት ያልፋል። መካከለኛ ዋጋ ያለው፣ ጥቂት ክፍል ያለው፣ ብሎኑ ተራ ብሎን የሆነ፣ ሞዴሉ ለዓመታት ያልተለወጠ ማጠንጠኛ ከዚህ ይሻላል። የሚችል ሰው አንድ ዓይነት ሁለት ቢገዛ ደግሞ ብልህ ነው፤ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው መለዋወጫ ሱቁ ይሆናል።

ሦስተኛው ሙግት ከሁሉም ይከብዳል። “ጠጋኝ ጠጋኝ ትላለህ፤ ማን ነው የሚጠግነው?” ይባላል። እጅ ሳይጠፋ ነው ይህ የሚባለው። ቶርኖ ያለው ብረት ሠራተኛ የነሐስ ቡሽ ይቆርጣል፤ የብስክሌት ጠጋኙ ሞላ ይጠመዝዛል፤ ጫማ ሰፊው ለፍሬን የሚሆን ቆዳ በክብ ይቆርጣል፤ ያረጁ ማጠንጠኞች ፍሬን እኮ ቆዳ ነበር። የጠፋው ክብራቸው ነው። ማረሻውን የሚስልለትን ቀጥቃጭ ቡዳ እያለ ሲሸሽ የኖረ ማኅበረሰብ ዕቃው ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ ቢገርመው እርሱ ራሱ ያስገርማል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ያሳያል፤ አዋጅ የሚወጣው ሰው በራሱ ላልተወው ነገር ነው። ዛሬም ለአዲስ ዕቃ ሳንከራከር የምንከፍል ሰዎች ለጥገና ግማሹን ለማስቀነስ ግማሽ ቀን እንቆማለን። ጠጋኙ እንዲህ እየተከፈለው ልጁን ሙያውን አያስተምርም፤ ያኔ ዕቃው ሁሉ አንድ ጊዜ የሚጣል ይሆናል፤ ጥፋቱንም በፋብሪካ እናላክካለን።

ይህን ሁሉ አሟልተን፣ ነሐስ ጥርስ ያለው፣ ፍሬኑ የለሰለሰ፣ ጠጋኙ የተከበረ ማጠንጠኛ ብናገኝ እንኳ አንድ መለዋወጫ ከየትም አይመጣም፤ ዓሣው። ወንዝ ሲጎድል የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ መበተን ዓሣ ማጥመድ አይባልም፤ ትልቁን ከጫጩቱ፣ የዘንድሮውን ከከርሞው አንድ ላይ መጨረስ ነው። ሳይንሱ ላቢዮባርበስ የሚላቸው የጣና ዓሦች፣ ብዙዎቹም በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ፣ ክረምቱ ሲያይል እንቁላላቸውን ሊጥሉ ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ፤ ከሰከላ የሚነሣው ግልገል ዓባይ አንዱ ነው። መረብ የሚጠብቃቸው ልክ በዚያ ጊዜ ወንዙ አፍ ላይ በመሆኑ ቁጥራቸው ክፉኛ እንዳሽቆለቆለ ጥናቶች ካሳዩ ቆይተዋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። “ዓሣ የማንም አይደለም፤ እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል” የሚል አለ። እውነት ነው፤ ይወስደዋል። ነገር ግን እንዲህ የሚል ሰው ሃያ ዓመት የሚቆይ ማጠንጠኛ መምረጥ አያስፈልገውም፤ ለሁለት ዓመት የሚሆን ይበቃዋል። ሃያ ዓመት የሚያስብ ገዢ ግን በእንቁላል ወቅት መንጠቆውን ይሰቅላል፣ ትንሹን ይመልሳል፣ ብርብራ የሚወቅጠውን ጎረቤቱን ይቆጣል። ሻጭ ለማጠንጠኛው የአንድ ዓመት ዋስትና ሊሰጥ ይችላል፤ ለወንዙ ዋስ የሚቆመው ገዢው ራሱ ነው።