ውዳሴ ዴስክቶፕ ዘወረታ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲሄዱ ወረታ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር ባለች አንዲት ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ፣ ሽፋኑ የወለቀ፣ ማራገቢያው እንደ ሩዝ መፈልፈያ የሚያጓራ፣ የፎገራን ሜዳ ምሥጢር ሁሉ በሆዱ የቋጠረ አንድ ክቡር ዴስክቶፕ ተቀምጧል። ይህን ባለውለታ በሚገባው ማዕረግ ያወደሰ ሰው እስከ ዛሬ አለመገኘቱ ያንገበግበኛል።

ዓለም የሚነታረክበትን የግል መረጃ ጉዳይ እሱ ድሮ ጨርሶታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኡቡንቱ፣ ያ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ሰው በገዛ ኮምፒውተሩ ፋይል ሲፈልግ የጻፈው ቃል ለአማዞን ገበያ ጭምር እንዲደርስ ቢያደርግ፣ የነጻ ሶፍትዌር ንቅናቄ መሥራቹ ሪቻርድ ስቶልማን «ይህማ የስለላ ሶፍትዌር ነው» ብሎ ተነሣ፤ ነገሩ ተዘግቶ እስኪመጣ አራት ዓመት ገደማ ፈጀ። በ2024 ደግሞ ማይክሮሶፍት የተጠቃሚውን ስክሪን በየጥቂት ሰከንዱ ፎቶ እያነሣ የሚያስታውስ «ሪኮል» የተባለ አገልግሎት አመጣሁ ሲል ከየአቅጣጫው ውግዘት ወረደበትና አዘገየው። የእኛው ዴስክቶፕ ግን ያለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ያለ ማንም ውግዘት፣ የአንዱን የመሬት ኪራይ ውል፣ የሌላዋን የፍቺ ማመልከቻ፣ የመምህሩን የትምህርት ማስረጃ «ኒው ፎልደር»፣ «ኒው ፎልደር 2» እያለ ፊት ለፊት ዘርግቶ፣ ፍላሽ ይዞ ለመጣ ሁሉ ያለ አድልዎ ያካፍላል። ኮድ መክፈትማ ማንን ያቅታል? የጎረቤትን ፍቺ ለመክፈት ነው ልበ ሰፊነት የሚያስፈልገው።

ባለቤቱም ጽኑ ሰው ናቸው። ኡቡንቱ በነጻ ይገኛል ቢሏቸው «ነጻ ነገርማ ምን ይረባል» ብለው፣ የተሰረቀውን ዊንዶውስ ገንዘብ ከፍለው አስጭነዋል። ቫይረሱን ጫኚው ያለ ዋጋ ጨመረላቸው፤ የነጻ ሶፍትዌር መንፈስ ከዚያ ቤት ፈጽሞ አልራቀም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደዚህች ቤት የገባበትን ቀን ሳስብ እንባ ይተናነቀኛል። ጸሐፊዋ ልጅ የባለጉዳዩን ማመልከቻ ከነስሙ፣ ከነስልኩ፣ ከነሐኪም ወረቀቱ ባሕር ማዶ ላለ ቻትቦት አስረክባ «አሳምርልኝ» ትለዋለች። «የርብ ወንዝ ሞልቶ ሩዜን ወሰደብኝ፤ የኤክስ ጅግና ሩዝ ዘር ይሰጠኝ» ብለው የመጡ አንድ አባት፣ «አካባቢያችን ከዕቅድ በላይ የውሃ ሀብት ተጠቃሚ በመሆኑ የተሰማኝን ደስታ በአክብሮት እገልጻለሁ» የሚል ደብዳቤ ይዘው ወጡ። ዘሩ አልተሰጣቸውም። ግን ይህን ያህል ደስ ብሏቸው እንደነበር ማን ይነግራቸው ነበር?

ጠባቂም አላጣንም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ የውጭ ጠበብት በስንት ምስጠራ የሚደክሙለት የግል ሕይወት ክብር ለስልኮቻችን ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ ያለ ምዝገባና ያለ ወረፋ፣ ታደለልን። መብራት የሄደ ዕለትማ ጥበቃው ፍጹም ነው፤ ያን ጊዜ ሪኮልም ቢመጣ ፎቶ የሚያነሣው ጨለማ ነው።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በወጣ ጊዜም ቤቲቱ ወደ ኋላ አላለችም፤ አዋጁን ለሚፈልግ ሁሉ አትማ ትሸጣለች። ወረቀት እንዳይባክን የምትጠቀመው በተበላሸ ኮፒ ጀርባ ነው። በእኔ ቅጂ ጀርባ የአንዲት እናት መታወቂያ አለ፤ ስልክ ቁጥራቸው ጥርት ብሎ ይነበባል።