ሰማሁት እንጂ አላነበብኩትም

ሳሎናችን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ቆሟል። እንግዳ ሲመጣ ዓይኑ እሱ ላይ ያርፍና «አይ ሐዲስ ዓለማየሁ!» ይላል። እኔም «አይ!» እላለሁ። ከዚያ ስለ መጽሐፉ ገጸ ባሕርይ ስለ ጉዱ ካሳ እንደ ሥጋ ዘመዳችን እናወራለን። እንግዳው መጽሐፉን አላነበበውም። እኔም አላነበብኩትም። ሁለታችንም ሰምተነዋል።

መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ለእኔ ግን የተጻፈው በራዲዮ በተረከው በወጋየሁ ንጋቱ ጉሮሮ ነው። ልጅ ሆኜ ሳሪስ በተከራየንበት ግቢ አንድ ራዲዮ ነበረ፤ የአከራያችን። የትረካው ዝግጅት «ከመጻሕፍት ዓለም» ሲደርስ ራዲዮው መስኮት ላይ ይወጣል፣ ተከራይ ሁሉ በርጩማውን ይዞ ይሰበሰባል። ባትሪ ድንጋዩ የደከመ እንደሆነ እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይውላል። በዚያች ሰዓት ኪራይ የዘገየበት ሰው እንኳ አይጠየቅም ነበር። ወጋየሁ ፊታውራሪ መሸሻን ሆኖ ሲቆጣ የአከራያችን ውሻ አጥር ሥር ይገባል። (ውሻውን ትንሽ አጋንኜው ይሆናል።)

ደግሞ ሰፈራችን ራሱ ለዚህ ነገር የተሰየመ ነው። ሳሪስ የሚገኝበት ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ከገመድ አልባው ቴሌግራፍ ነው። ሽቦ ከሌለው መልእክቱን ነፋስ ካልተሸከመው ማን ሊሸከመው ነው? በነፋስ የመጣ መጽሐፍ በነፋስ ስልክ ልጅ ጆሮ ገባ፤ ለማንበብ ማን ይቸኩላል?

አሁን የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ባለፈው ክረምት መብራት ማታ ማታ መጥፋት ሲያበዛ ባለቤቴ «ያንን መጽሐፍ ለምን አታነብልንም? መቼም አንብቤዋለሁ ትላለህ» አለችኝ። ሻማ ለኮስንና በየማታው አንድ ምዕራፍ ልናነብ ተስማማን።

የመጀመሪያው ማታ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ጋር አለፈ። አሥራ ሁለት ዓመት የሆናት ልጄ ጥቂት ታገሠችና፦

«ይሄ በዛብህ ነው?»

«አይ፣ አባቱ ነው።»

«በዛብህስ?»

«ገና አልተወለደም።»

«ሰብለ ወንጌልስ?»

«እሷ ትቆያለች።»

«ስሙ ፍቅር ነው አላልክም?» ብላ ስልኳን አነሣች።

እውነቱን ለመናገር እኔም ደንግጫለሁ። በልጅነቴ ትረካው ጥሩ ቦታ ሲደርስ «ሂድ ላምባ ገዝተህ ና» የምባለው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ የእኔ «ፍቅር እስከ መቃብር» በላምባ ልክ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው። የእኔን በዛብህ የቆሎ ተማሪ ሳለ ትቼው ሱቅ እሄዳለሁ፤ ስመለስ ፊታውራሪ ቤት ገብቶ ሰብለን ሲያስተምር አገኘዋለሁ። ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን እንደሰጡት፣ ሚስት ማግባትም እንደማይፈቀድለት የሰማሁት አሁን በገዛ አፌ ሳነበው ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ዓይናፋር ነው ብዬ ሳዝንለት ኖሬአለሁ!

ሌላው ችግር ድምፅ ነው። ዓይኔ የሐዲስን ፊደል ያያል፣ ጆሮዬ ወጋየሁን ይጠብቃል፣ የሚወጣው ግን የእኔ ድምፅ ነው። ሁለት ሳምንት ቆይተን ፊታውራሪ ቤት ስንደርስ ጉሮሮዬን ጠርጌ ተቆጣሁ። ባለቤቴ «የታክሲ ረዳት መሰልክ» አለች። ወዲያው ግድግዳው ተንኳኳ።

ጮኼ አስቸገርኩ ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ ወጣሁ። በሩን የከፈቱት የጎረቤቴ እናት ናቸው፤ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከደብረ ማርቆስ መጥተው ክረምቱ ያስቀራቸው እናት።

«ፊታውራሪ እንዲያ አይጮሁም» አሉኝ። «ትልቅ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚቆጣ። እስቲ ድገመው።»

«እዚህ ደረጃው ላይ፣ እማማ?»

«ቤትህ ግባና ድገመው። እኔ እሰማሃለሁ።» ገና ስመለስ ደግሞ፣ «ትናንት ገጽ ዘለሃል» አሉኝ።

ዘልያለሁ። እንቅልፍ መጥቶብኝ ነበር። ኮንዶሚኒየም ሲሠራ በግድግዳው ላይ የተቆጠበው ብሎኬት እኔን ራዲዮ ሊያደርገኝ ኖሯል! ከዚያ ወዲያ በረንዳ ላይ ባገኙኝ ቁጥር የሚጠይቁኝ ጤናዬን ሳይሆን ጉዱ ካሳን ሆነ። የልጅ ልጃቸው ያለቀሰ ማታ ያመለጣቸውን ደረጃው ላይ ቆሜ እተርክላቸዋለሁ፤ ሽንኩርት የያዘ ጎረቤትም ቆም ብሎ ሰምቶ ያልፋል።

አንድ ማታ ጉዱ ካሳ ነገሩን ሊጀምር አፉን እንደከፈተ መብራት መጣ። የሕንጻው ልጅ ሁሉ «እሰይ!» ብሎ ጮኸ፣ ልጄ ወደ ቴሌቪዥኑ ሮጠች፣ ባለቤቴ ምጣዷን ሰካች፣ እኔም መጽሐፉን ከደንኩ።

ግድግዳው ተንኳኳ።

«ምነው ዝም አልክ?»

«መብራት መጣ እኮ፣ እማማ።»

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ልክ ፊታውራሪ መቆጣት ይገባቸው በነበረው ድምፅ፦

«የሁላችሁም ቆጣሪ ያለው ደረጃው ሥር ነው አሉኝ። እውነት ነው?»