ምስክሮቼ ሲልቨር ስፕሪንግ ናቸው

በ2017 መስከረም የምሠራበት ድርጅት ተዘጋ። ሥራ የፈታ ሰው ምክርና ሻይ አያጣም፤ ሁለቱንም እየተጋበዝኩ ሰነበትኩ። በመጨረሻ የእህቴ ልጅ አዘነችልኝና «ጋሼ፣ በል ቁጭ በል፣ ሲቪህን እንሥራው» ብላ ላፕቶፗን ከፈተች። ከመጀመሪያው ሥራዬ ጀመርኩላት። በ1999 ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ፣ ስድስት ኮምፒውተር በነበራት ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ዲቪ እሞላ ነበር።

ሳቀች። እኔ ግን ከዚያ በኋላ እንደዚያ የተከበርኩበት ሥራ የለኝም።

ያኔ ዲቪ በወረቀት ተጽፎ በፖስታ መላኩ ከቀረ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። ከ1996 ጀምሮ በኢንተርኔት ብቻ ነው የሚሞላው። ጥቅምት ሲገባ ሰልፉ ከደጃችን አልፎ አስፋልት ይነካል። መስመሩ ቀርፋፋ ነው፤ ገጹ ግማሽ ላይ ሲደርስ ይጠፋል፣ እንደ አዲስ መሙላት ነው። ሰዉ ስሙን ከነአያቱ፣ የልደት ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ማቅረብ አለበት። አንዲት እናት «አብዮቱ ሲፈነዳ ታዝዬ ነበር» ብለውኛል፤ ቀኑንና ወሩን ተማክረን መረጥን። ውጤት የሚመጣው በፖስታ ነበርና የፖስታ ሣጥን ቁጥር የሌለው ከጎረቤት ይዋሳል፣ አንዳንዱም ከተጣላው ጎረቤቱ ጋር በዚሁ ሰበብ ይታረቃል።

በሁለተኛው ዓመት ሦስት ደንበኞቼ ደረሳቸው። አለቀ። «እጀ ቀና» ተባልኩ። ዕጣውን የሚያወጣው አሜሪካ ያለ ኮምፒውተር መሆኑን ሰዉ አሳምሮ ያውቃል፤ በዓመት 50,000 ገደማ ቪዛ ብቻ እንደሚሰጥ፣ የሚሞላው ደግሞ ሚሊዮን መሆኑንም ያውቃል። ቢሆንም ጎኔ ያለው ልጅ ባዶውን ተቀምጦ የኔ ወረፋ ይረዝማል። ባለቤቱ ነገሩ ሲገባው በኔ እጅ ለሚሞላ ሁለት ብር ጨመረ። (የጨመረው ለኔ አይደለም።) ከመጨረሻው ቁልፍ በፊት «ቆይ» ብለው በስመ አብ የሚሉ ነበሩ። እኔም በየዓመቱ ለራሴ ሞልቻለሁ፤ እጄ እኔን አላወቀኝም።

የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምታ የጻፈችው አንድ መስመር ነው፦ «የዓለም አቀፍ ፍልሰት ጉዳዮች ባለሙያ»። ውሸት ነው ብላት «ጋሼ፣ ሲቪ ላይ ማን እውነት ይጽፋል?» አለችኝ። ያደጉበትን ሱቅ «የክምችት አስተዳደር» ብለው የጻፉ ጓደኞቿን ቆጠረችልኝ። እኛ በወጣትነታችን አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተን፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን የሥራ ማስታወቂያ መዳፋችን ላይ ስንገለብጥ የጎደለን እንዲህ ያለ ቃል ኖሯል።

ችግሩ ማስረጃው ነው። የዛሬ የሥራ ማስታወቂያ ዲግሪና አምስት ዓመት ልምድ ይልና ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ይረጋገጥ ይላል። መሥራትህን የሚጠይቅህ የለም፤ መከፈልህንም ቢሆን። ዲቪ እንኳ የሚጠይቀው አሥራ ሁለተኛን መጨረስ፣ ካልሆነም ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ በሙያ የሁለት ዓመት ልምድ ነው። አሜሪካ መግባት ከመዝገብ ቤት ሠራተኝነት ይቀላል ማለት ነው።

በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በነፃ ይሰጣል። ሕጉን ይዤ ፒያሳ ወረድኩ። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ፈርሷል። ኢንተርኔት ቤቱ ነበረበት ባልኩት ቦታ ቆሜ አንድ ጥበቃ ጠየቅኩ። «የቱ ቤት?» አለኝ። እኔም የቱ እንደሆነ አላወቅኩትም።

ከዚያ ምስክር ፍለጋ ጀመርኩ። ምስክር ሞልቶኛል፣ ግን ሁሉም አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ናቸው። አንዱን ሌሊት ነቅቼ ደወልኩለት። በደስታ ጮኸ፣ ለሚስቱም «ዲቪ የሞላልን ልጅ ነው!» አላት። ጉዳዬን ስነግረው ግን ሳቁ ቀዘቀዘ። «ወንድሜ፣ እኔ እዚህ ስመጣ ባንክ የሠራሁትን አሥር ዓመት አልተቀበሉኝም፤ ያንተን ኢንተርኔት ቤት ማን ሊቀበልልህ ነው?» አለኝ። መንገደኛ ሊያነሳ ነበርና ስልኩን ዘጋ።

ጥቅምት ላይ አንድ ቦታ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል። መሃል ያሉት ሴትዮ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ሲቪዬን አገላበጡ።

«የዓለም አቀፍ ፍልሰት ጉዳዮች ባለሙያ ማለት ምን ማለት ነው?»

የእህቴ ልጅ ያስጠናችኝ መልስ ነበር፤ ጠፋብኝ። «ዲቪ እሞላ ነበር» አልኳቸው።

ዝም ተባለ። በቀኝ በኩል ያለው ሰውዬ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ዘንድሮ መቼ ነው የሚዘጋው?»

«ጥቅምት ሳያልቅ ነው።»

ሴትዮዋ ስልካቸውን አውጥተው ፎቷቸውን አሳዩኝ። «ይኼ ይሆናል?»

«መነጽሩ አይፈቀድም። ከኋላ ያለው መጋረጃም አይሆንም፣ ነጭ ይሁን። መጠኑ 600 በ600 ፒክሰል ነው።» ሦስቱም ጻፉ። በሕይወቴ እንደዚያ በልበ ሙሉነት የመለስኩት ቃለ መጠይቅ የለም። ስወጣ «እንደውልልዎታለን» አሉኝ።

እውነትም ሦስት ጊዜ ደውለውልኛል። ሦስቱንም ጊዜ ውጤቱ ወጣ ወይ ብለው ነው።