ጭቃ ያስተዋወቀኝ ወፍ

ናይሮቢ ከሞምባሳ ባሕር ዳር አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እኔ ግን በሌላው ዓለም ከባሕር ዳርቻ ቋጥኝ የማይጠፋውን ወፍ በደንብ ያየሁት እዚያው ናይሮቢ ነው።

ወሩ ሚያዝያ ነበር፤ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል አድሯል። ከአንድ ወዳጄ ጋር በ1946 እ.ኤ.አ. ወደተከፈተው የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ገባን። ናጎሎሞን ግድብ አጠገብ ስንደርስ መረሬው ጎማችንን ያዘው። ሹፌሩ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ጭቃው ወደ ኋላ ይረጫል እንጂ መኪናው አልነቃነቅ አለ። አንበሳ ባለበት ፓርክ ወርዶ መግፋት አይታሰብም። ስልክ ደወልን፤ «እየመጣን ነው» አሉን፤ ቁጭ አልን።

ግድቡ መሐል፣ ኩሱ ባነጣው ደረቅ ዛፍ ላይ፣ አንድ ጥቁር ወፍ ክንፉን ዘርግቶ ቆሟል።

«ዳርተር ነው፤ አንገቱን አታይም?» አለኝ ወዳጄ።

ዳርተርም ክንፉን እንዲሁ ዘርግቶ ስለሚያደርቅ በአቋቋሙ ብቻ አይለይም። ባይኖኩላሩን ተቀብዬ ምንቃሩን አየሁ። የዳርተር ምንቃር እንደ ወስፌ ቀጥ ብሎ የሾለ ነው፤ የዚህኛው ጫፉ ወደ ታች ቆልመም ብሏል። ከጉሮሮው እስከ ደረቱም ነጭ ነው። ትልቁ ኮርሞራንት ነበር።

መሄጃ ስላልነበረን ዓይናችንን ከእሱ አልነቀልንም። ውሃው ላይ አረፈ፤ ጀርባው ከውሃው እኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም። ትንሽ ዘለል ብሎ ጠለቀ። ሲወጣ አንድ ዓሣ ይዟል፤ አገላብጦ በጭንቅላቱ በኩል ዋጠው። በጅራቱ በኩል ቢውጠው የዓሣው ክንፍ እሾህ ጉሮሮውን ይወጋው ነበር። ከዚያ ወደ ዛፉ ተመልሶ ክንፉን ዘረጋ። የላባው ጠርዝ ውሃ ያስገባል፤ አየር ስለማይቋጥር መጥለቁ ይቀልለታል። ወደ ገላው የቀረበው የላባው ክፍል ግን ስለማይርስ ብርድ አያገኘውም። ፀሐይ ላይ የሚቆመው የራሰውን ለማድረቅ ነው።

በመጨረሻ ሌላ መኪና መጥቶ በገመድ ጎትቶ አወጣን። ወዳጄ ግን «ቆይ፣ አንዴ ደግሞ ይጥለቅ» አለ፤ ቆየን።

ይህ ወፍ በዝዋይም በጣናም አለ፤ «ጥቁር ወፍ» ብለን ነው የምናልፈው። ሐይቅ ዳር ሻይ ስትጠጡ ካያችሁት መጀመሪያ ምንቃሩን፣ ቀጥሎ አጠላለቁን ተመልከቱ። አንድ ዓሣ ይዞ እስኪወጣ ብትታገሡት ክንፉን የሚዘረጋበትን ምክንያት ራሱ ያሳያችኋል።